እናት የሞተ ልጅ ባምባሲ አለ

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ የሚሄድ ሚኒባስ ሞላ ከተባለ በኋላ ሌላ ሰው ይጭናል፤ ይህን የማያውቅ የአገራችን ተሳፋሪ የለም። በቀደም መስኮት ዳር ቦታ አግኝቼ ተቀምጫለሁ። እግሬ ሥር የማን እንደሆነ ያልታወቀ የማንጎ ጆንያ አለ፤ ከታች የተጨፈለቀው ፍሬ መሽተት ጀምሯል፤ ያ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ፣ ክረምት ሲገባ እኛ ዘንድ መንደሩን ሁሉ የሚይዘው ሽታ። ልንንቀሳቀስ ስንል ልጅ ያዘለች ሴት በሩ ላይ ደረሰች። ረዳቱ የበርታ ልጅ ነው፤ ወደ ኋላ ዞር ብሎ «እናት ልጅ ያዘ፣ ቦታ ልቀቅ» አለ። አጠገቤ የተቀመጠ፣ አንገቱ ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ያንጠለጠለ ጎረምሳ ሳቀና «ያዘች በል እንጂ፤ እናት ወንድ ናት እንዴ?» አለው። ረዳቱም «ወንድ፣ ሴት አላልኩም። ቦታ ነው ያልኩት» ብሎ መለሰለት። ሰዉ ሳቀ፤ ሴትዮዋም ቦታ አገኘች። እኔ፣ ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ዓረፍተ ነገር ሳርም የኖርኩት፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ የሱቅ ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር እጄን የሚበላኝ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ አላረምኩትም። ባምባሲ የምትኖረው እኅቴ ጋ ለአንድ ጉዳይ እየሄድኩ ነበር። ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ አስፋልቱን ሲይዝ ግን ያቺ የረዳቱ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ከማንጎው ሽታ ጋር ሆና ወደ ኋላ ይዛኝ ሄደች።

ያን ጊዜ፣ በድርቁ ከወሎ አምጥተው ያሰፈሩን አምባ ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ሰው አገሩን ሲጠየቅ ወሎ ይላል፣ ቤቱን ሲጠየቅ ቁጥር ይናገራል። ጎጆዎቹ በገመድ ተለክተው በረድፍ የቆሙ ስለሆኑ አንዱ ከአንዱ አይለይም፤ መጀመሪያ ሰሞን ከማሳ ሲመለስ የጎረቤቱ መደብ ላይ ሄዶ የሚጋደም ሰው ብዙ ነበር። ሴቶቹ ለምልክት በር ላይ ጨርቅ ያስሩ ጀመር፤ እኛ በር ላይ ማን ያስራል? እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። አባቴ እንድሪስ ከእርዳታ ልብስ የደረሰውን ቡናማ ካፖርት ለብሶ ነበር ቁፋሮ የሚወርደው። ትልልቅ ቁልፍ ያለው፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ የሆነች የባሕር ማዶ ሴት ካፖርት ነው። የሴት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልነገረውም፣ እሱም እንደሚያውቅ አንድም ቀን አላሳየም። በሬ ያመጣ ሰው ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ ይገድልበታል፤ ስለዚህ ወይ ትራክተሩን መጠበቅ ነው ወይ በእጅ መቆፈር። የኅብረት ሱቁ ሳሙና፣ ጨውና ክብሪት ይሸጣል፤ ሸራ ጫማ ሲመጣ ወሬው ከጫማው ቀድሞ አምባውን ይዞራል። ማንጎ ግን የበርታ ሴቶች በቅል ተሸክመው እያመጡ በስሙኒ እቅፍ ሙሉ ይሰጡን ነበር። እንዲህ ያለ ርካሽ ነገር መብላት እኛን ወሎዎቹን መጀመሪያ ያሳፍረን ነበር፤ ቆይቶ ለመድነው። ግንድ ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ማርሽ ያሰማል፣ ማምሻውን ዘፈን። አልፎ አልፎ በባቲ ቅኝት የተዘፈነ ሲመጣ ረድፉ ሁሉ ዝም ይላል። አባቴም ዶማውን ተደግፎ ይቆማል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ቁፋሮውን ይቀጥላል።

እናቴ ሀዋና ታናሽ ወንድሜ አሊ እዚያው ወሎ፣ የእርዳታ መጠለያው ጋ ቀርተው ነበር። አሊ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው፤ ታሞ ነበር። ጤነኛ ይቅደም፣ ሕመምተኛ በሚቀጥለው ጉዞ ይመጣል ተባለ። እናቴ ልጁን ታቅፋ ወደ ሕሙማኑ ድንኳን ስትገባ አባቴ ከአውቶቡሱ በር ላይ ሆኖ «እዚያው እንገናኝ» አላት። እዚያው የት እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም። ከዚያ ወዲህ መኪና በመጣ ቁጥር አባቴ ካፖርቱን ቆልፎ ይሄዳል፤ የሚወርደውን ሰው ፊት ፊቱን ያያል፤ ይመለሳል። እኔም መጠየቅ አቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ ብትሉኝ የምመልሰው የለኝም። ሰውነቴ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይማራል፤ ውስጤ ግን ድንዝዝ ያለ ነበር። እጅ ላይ ተኝተው ሲነቁ እጁ የራስ የማይመስልበት ሰዓት አለ አይደል? እንደዚያ ነበርኩ።

ትምህርት ቤቱ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣራው ሣር፣ ወንበሩ ደግሞ እንደገና ቀርከሃ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን መምህር ገመዳ የወለጋ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፕሮቴስታንት፣ እሺ ለማለት «ቶሌ» የሚሉ። ካኪ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተጥፏል፤ ግን መስመሩን ጠብቆ የተተኮሰ ነው፤ በምን እንደሚተኩሱት ተማሪው ሁሉ ይገረም ነበር። መጽሐፍ አንድ ነው፤ እሱም እሳቸው ጋ ነው። ከመጽሐፉ ውስጥ የሚወዱት ምዕራፍ ዓረፍተ ነገር ማረም ነበር። ከሁሉ አብልጠው ደግሞ ቦታውን የሳተ ገላጭ።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ «ዘ ማን ሶልድ ዘ ካው ዊዝ ኤ ሃት» ብለው ጻፉ። ከመካከላችን ደፋር የሆነው ተነሥቶ «ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ላሟን ሸጠ» ብሎ ተረጎመው።

«ቶሌ» አሉ መምህር ገመዳ። «አንተ ያልከው እሱን ነው። ሰሌዳው ያለው ግን ሌላ ነው። ሰሌዳው ላይ ባርኔጣ ያደረገችው ላሟ ናት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ ከወሎ ከወጣሁ ወዲህ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሳቁ ሲያልቅ ነገሩን አስረዱን። በእናንተ በአማርኛ ገላጭ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ የሚገለጸው ስም ይከተለዋል፤ ስለዚህ ማን የማን እንደሆነ ቶሎ አይጠፋም። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለው ገላጭ ከኋላ ነው የሚከተል፤ እናንተ አማርኛውን ቃል በቃል ስትገለብጡት መንገድ ላይ ይጠፋና የሰው ደጃፍ ይቆማል። «ቃል ዘመድ አለው» አሉ። «ገላጭ ከዘመዱ ጎን ካልቆመ ባዕድ ላይ ይንጠለጠላል። አንድ ገላጭ፣ አንድ ዘመድ። ሁለት የለውም።» ዘመዱ ሁሉ ጎኑ የቆመለት ተማሪ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። እሳቸውም ያወቁት ይመስለኛል፤ ወዲያው ወደ ኮማ ዞሩ። «ካድሬው ገበሬው ሰነፍ ነው አለ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉና፣ አንድም ቃል ሳይነኩ ሁለት ኮማ ጣል አደረጉበት፤ አሁን ሰነፉ ካድሬው፣ ተናጋሪው ገበሬው ሆኖ አረፈው። ቀስ ብለው ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ሰሌዳውንም በክንዳቸው ጠረጉት። «ኮማ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት» አሉ፤ ክንዳቸው በጠመኔ ነጥቶ ነበር።

እኔ ያን ትምህርት ወደድኩት። መውደድ እንኳ ላይሆን ይችላል፤ ዐረፍኩበት። የጠፋ ነገር ይሰጡሻል፣ ዘመዱን ፈልገሽ ጎኑ ታቆሚዋለሽ፣ አበቃ። ከዚያ ክፍል ውጪ የጠፋን ነገር እንደዚያ በቀላሉ መመለስ የቻለ ሰው አላየሁም። ማንጎ ሥር ተቀምጬ በዱላ አፈር ላይ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ ኮማ አገባለሁ፣ አወጣለሁ። የክፍል ጓደኞቼ «ኮማዋ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ቅጽል ስም ሲወጣልኝ መናደድ ነበረብኝ፤ አልተናደድኩም።

ሐሚድ የሚባል የበርታ ነጋዴ ነበር። ጨውና ሽርጥ፣ ሽቶና መርፌ በአህያ ጭኖ ከባምባሲ እስከ መንጌ እየተመላለሰ ይሸጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ወደ ማሳው ብቅ ብሎ «እንድሪስ ወሎ ማነው?» አለ። አባቴ «እኔ ነኝ» አለው። «ጠይብ፣ እሺ» አለ ሐሚድ፤ «አንተ ዘንድ መልእክት አለ። እናት የሞተ ልጅ ባምባሲ አለ።» አህዮቹ ገደል ዳር ደርሰው ስለነበር እየጮኸ ተከተላቸው፤ ወደ መንጌ አቀና። አባቴ ዶማውን እንደያዘ ቀረ።

ወደ ቤት ስመጣ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በሥራ ሰዓት ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። «ሐሚድ መልእክት አመጣ» አለኝና ቃሉን እንዳለ፣ የበርታውን አነጋገር እንኳ ሳይለውጥ ነገረኝ። እናት የሞተ ልጅ ባምባሲ አለ። መጀመሪያ የገባኝ እናቴ ሞታ አሊ ባምባሲ መኖሩ ነው። ትንሽ ቆይቼ ቃሉን መልሼ በሆዴ ስለው ደግሞ ልጅ የሞተባት እናት፣ እናቴ፣ ባምባሲ አለች የሚል ሆኖ መጣ። እንደኛ ሰው ቢናገረው ኖሮ «እናቱ የሞተችበት» ወይም «ልጇ የሞተባት» ይል ነበር፤ ነገሩም ይለይ ነበር። «አለ» ያለው «አለች» ቢሆን እንኳ ይበቃን ነበር። ሐሚድ ግን ሴቱንም ወንዱንም «አለ» ነው የሚል፤ አህያውንም፣ ሚስቱንም፣ ገበያውንም።

«አንች ምን ሰማሽ?» አለኝ አባቴ።

«አላወቅሁትም፣ አባ። አንተስ?»

«ማሳው ላይ ልጁ አለ ያለኝ መሰለኝ። ስመጣ መንገድ ላይ ደግሞ እሷ አለች ያለኝ መሰለኝ።»

ወሬ በአምባ ውስጥ በር አያንኳኳም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የረድፋችን ሴቶች ወገባቸውን አስረው መጡ፤ ከፊት እትየ ፋጡማ ናቸው፣ ለቅሶ ማውጣት የሚያውቁት። በኛ አገር መርዶ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ማልዶ ይመጣል፣ ስም ይጠራል፣ ከዚያ ይለቀሳል። ይህ መርዶ ግን ስም ሳይኖረው ነበር የመጣ። አባቴ በዚያ የሴት ካፖርት በሩን ሞልቶ ቆመና «ማንን ብላችሁ ነው?» አላቸው። «ሀዋን ብላችሁ አልቅሳችሁ እሷ ብትመጣስ? ልጁን ብላችሁ እሱ ቢመጣስ? በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ምን ይባላል?» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም። እትየ ፋጡማ መቀነታቸውን ፈቱና «እንግዲያስ እስኪለይ ድረስ እንቀመጥ» ብለው በር ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተቀመጡ። ሳያለቅሱ ተቀምጠው፣ አንዷ ጥጥ እያባዘተች፣ ሌላዋ የልጇን ራስ እየቀመለች መሸ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በማግሥቱ ዓረፍተ ነገሯን ይዤ መምህር ገመዳ ዘንድ ሄድኩ። ሌላ የምወስድበት ሰው አልነበረኝም። የእንግሊዝኛ መልመጃ እንደማቀርብ ሁሉ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ ጻፍኩላቸው። የማን እንደሆነ ሲገባቸው ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱ። ከታች ሁለት ጊዜ ደገሙት። አንዱ ላይ «እናት የሞተ፣ ልጅ ባምባሲ አለ»፤ ሌላው ላይ «እናት፣ የሞተ ልጅ፣ ባምባሲ አለ»። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው አዩት።

«የትኛው ነው ትክክል፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሁለቱም ይሄዳል።»

«አንድ ገላጭ አንድ ዘመድ አላሉም?»

«ብያለሁ። ግን አራሚ የሚያርመው ተናጋሪው ምን ሊል እንደፈለገ ሲያውቅ ነው፣ ዘይነባ። ይህን ሰሌዳ ላይ አናርመውም። ሄዶ ማየት ነው።» ሌላ ጊዜ ሰሌዳ ሲጠርጉ ፈጣን ናቸው፤ ያን ዕለት አልጠረጉትም፤ ጠመኔውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ወጡ። እኔ ብቻዬን ሰሌዳው ፊት ቀረሁ። ኮማዋን እዚህ ካደረግኋት እናቴ ትሞታለች፣ እዚያ ካደረግኋት አሊ። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ምርጫ ሊሰጠው አይገባም፤ በልቡም ቢሆን። ሰው ግን ልቡን አያዝዘውም፤ ልቤ ኮማዋን አንድ ቦታ አኖራት። የት እንዳኖራት ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁንም አልናገርም። ሰሌዳውን እኔ ጠረግኩት።

ያለ ይለፍ ወረቀት ከአምባ አይወጣም። የአምባው ኃላፊ ብዕሩን ይዞ «ማንን ልታመጣ ነው?» አለ።

«ያለውን» አለ አባቴ።

«ያለው ማነው? ሚስትህ ናት ወይስ ልጅህ?»

«እሱን ልለይ ነው የምሄድ።»

«እሱን ልለይ ብዬ አልጽፍልህም። ስም ስጠኝ።»

አባቴ ስም መስጠት አልቻለም። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ብዕሩ ባዶ መስመር አይወድም። መምህር ገመዳ አብረውን መጥተው ስለነበር ከኋላ ሆነው «ቤተሰቡን ብለው ይጻፉት» አሉ። ኃላፊው ትንሽ አሰበና ጻፈው። ለሁለቱም የሚሆን ቃል ነበር።

ማልደን ወጣን። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ግራና ቀኙ ቀርከሃ፣ አለፍ ሲሉ የበርታ መንደር፣ እንደገና ቀርከሃ። አባቴ ከፊት ይሄዳል፣ እኔ እከተላለሁ። ሰው የሚናገረው ነገር ሲያጣ የማይሆን ነገር ይጠይቃል።

«በትምህርታችሁ ይህ የሐሚድ ነገር ምን ይባላል?» አለኝ።

«ቦታውን የሳተ ገላጭ ነው የሚባል።»

«ማነው ወደ ቦታው የሚመልሰው?»

«አራሚው።»

«አራሚው ማነው?»

«አስተማሪው ነው፣ አባ።»

«አላህ ይርዳው» አለ። አንድ ቦታ ላይ ማንጎ አንሥቶ በካፖርቱ ጠርጎ ሰጠኝ። መብላቴን ዞር ብሎ አየ፤ እሱ አልበላም።

ባምባሲ ስንደርስ አዲስ ሰፋሪ የት እንዳለ ስንጠይቅ ጤና ጣቢያውን አሳዩን፤ ግቢው ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ከበሩ ስንገባ አባቴ ቆመ። ዛፉ ሥር ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ እናቴ ናት፤ ትከሻዋን ነው ያወቅሁት፣ ግራውን ዝቅ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ጭኗ ላይ ልጅ ተኝቷል። አባቴ «ሁለቱም» አለ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለራሱ። ከዚያ ሮጠ። አባቴን ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ካፖርቱ ከኋላው ይውለበለባል። እኔም ሮጥኩ። ከበሩ እስከ ዛፉ ድረስ ማንም አልሞተም ነበር። ግቢውን እስክንሻገር ድረስ እናቴም አለች፣ አሊም አለ። ያን ያህል ደስታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም ብል ውሸት አይደለም፤ ልጆች ወልጃለሁ፣ ዲፕሎማ ተቀብያለሁ፣ እንደዚያ ግን አልሆነም።

ስንደርስ ልጁ ፊቱን አዞረ። ልጁ ሴት ልጅ ነበረች። አሊን የምታህል፣ ፀጉሯ መካከሉን የተላጨ፣ አንገቷ ላይ የክርስቲያን ማተብ ያሰረች ልጅ።

እናቴ አባቴን አየችው፣ ካፖርቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «አልዬ እዚያው ቀረ» አለች። «ከመሳፈሬ በፊት። ቀብሬው ነው የመጣሁ።» ከዚያ ልጅቱን በአገጯ እያሳየች «የዚችም እናት መኪና ውስጥ አጠገቤ አለፈች። የምትቀበላት ሰው አልነበረም። እኔም እቅፌ ባዶ ነበር» አለች። ይህን ሁሉ ስትናገር አላለቀሰችም። ትኩሳት ይዟት ከንፈሯ ተላልጧል። «ሰው ሁሉ እንዳይደነግጥ ብዬ ለነጋዴው ሁሉን ነገር አስረድቼ ነበር የላክሁት፤ ልጁ እንደሞተ፣ እናቷ የሞተችባት ልጅ እንደያዝኩ፣ ባምባሲ እንዳለሁ። አልነገራችሁም?»

«ነግሮናል» አለ አባቴ። ተንበርክኮ ልጅቱን ከጭኗ አነሣት። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ዓረፍተ ነገሯ በራሴ ውስጥ ዞረች። እናት የሞተ ልጅ። ልጅ የሞተባት እናትም አለች፣ እናት የሞተችባት ልጅም አለች፤ ሁለቱም ባምባሲ። ሐሚድ የተነገረውን ሁሉ አንዲት መስመር ውስጥ ከቶት ነበር። ኮማውን የትም ብናኖረው እውነት ነበር፤ የትም ብናኖረው ግን አሊ አልነበረም። ማልቀስ ፈለግሁ፤ እንባ አልመጣልኝም። ያለቀሰ ሰው ቢኖር ማተብ ያላት ልጅ ናት፤ የአባቴን ካፖርት ፈርታ።

አምባው ስንመለስ እትየ ፋጡማ ወገባቸውን እንደገና አሰሩ። አሁን መርዶው ስም አለው፤ ለአሊ ተለቀሰ። ለቅሶው መሐል ልጅቱ ውኃ ጠየቀች፤ እናቴ እንባዋን ሳትጠርግ ተነሥታ ሰጠቻት፤ ተመልሳም ለቅሶውን ቀጠለች። ስሟን የሚያውቅ አልነበረም፤ ራሷም ስምሽ ማነው ስትባል «ማሚት» ከማለት ሌላ አትናገርም። እናቴ «አለሽኝ» ብላ ስም አወጣችላት። አባቴ ማተቧን እንዳይበጥሱባት ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ነገረ፤ «እናቷ ያሰረችላት ናት» እያለ። ሐሚድ ከመንጌ ሲመለስ እናቴ አስጠርታው «ምነው ነገሬን እንዲያ ቆረጥከው?» አለችው። «ወላሂ ሁሉ ተናገረ እኔ» አለ ቅር ብሎት፤ «እናት አለ፣ ልጅ አለ፣ የሞተ አለ። ኸላስ፣ አለቀ። ምን ቀረ?» እናቴ መርፌ ገዝታ ሸኘችው።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ። አሶሳ ውስጥ ስንት ልጅ ገላጭን ከዘመዱ ጎን እንዲያቆም አስተማርኩ፤ ላሟን ከነባርኔጣዋ ለስንቱ ሳልኩለት። አንድ ገላጭ፣ አንድ ዘመድ፣ ሁለት የለውም እላለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አከብባለሁ። ለሁለት ዘመድ የሚሆን ገላጭ እንደማውቅ ለተማሪ ተናግሬ አላውቅም፤ ፈተና ላይ አይመጣም። አባቴ ካረጀ በኋላ አንድ ቀን በቆሎ እየፈለፈልን ሳለ ከየት እንዳመጣው ሳላውቅ «አንች ያን ጊዜ ኮማዋን የት አረግሻት?» አለኝ። «አንተስ?» አልኩት። እጁን ከበቆሎው ሳያነሣ «ተይው» አለ። ተውነው። እስከ መቃብሩ ይዞት ሄደ።

እናቴ ግን ብዙ ኖረች። አለሽኝ ባምባሲ ስታገባ ተከትላት ሄደች፤ «እቅፌን የሞላችው እሷ ናት» ትል ነበር፤ እኔም አልቀናሁም፤ ወይም ቀንቼ ከሆነ አላወቅሁትም። አምና በማንጎ ወራት ስልኬ ጠራ። አለሽኝ መናገር ስላቃታት የደወለችው የበርታ ጎረቤቷ ነበረች። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ተናገረች፦ «ቲቸር፣ እናት ሞተ። ልጅ ባምባሲ አለ። ና።»

አራት ነጥቦቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ነበሩ። የሚታረም ምንም አልነበረውም። ስልኩን ይዤ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንባዬ ያን ቀን መጣ። ለእናቴ ይሁን ለአሊ፣ የማን እንደሆነ ልለየው ሞከርኩ፤ አልተለየም፤ ለሁለቱም ይሁን ብዬ ተውኩት። በዚያ ሚኒባስ የምሄደውም ለዓመቷ ሰደቃ ነበር።

ሚኒባሱ ባምባሲ ሲገባ ልጅ ያዘለችው ሴት ወረደች፤ ጎረምሳውም ወረደ። ረዳቱ የማንጎውን ጆንያ ከእግሬ ሥር እየጎተተ ቀና ብሎ አየኝ።

«እማማ፣ ባምባሲ ማን አለ?»

«እኅቴ» አልኩት።

«እኅት አለ?»

እጄን ሰጠሁት፤ ደግፎ አወረደኝ። ከመናኸሪያው ማዶ አለሽኝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች፤ ማተቧ አሁንም አንገቷ ላይ ነው።

«አለ» አልኩት።